ማግኔት የያዘው ሳፋ

መሸሻ ለወንድሙ ለቅሶ ቦንጋ ሄዶ አሥራ ሦስት ቀን ቆየ። ሐምሌ 1964 ነበር። ከጅማ ወዲያ ያለውን መንገድ ጭቃ ውጦት፣ ሲመለሱ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ገፍቷል። አየር ጤና ሲደርስ ደክሞት መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ወንድሙ ከሱ በአራት ዓመት ያንስ ነበር። ጥቂት አርፎ በጋሪ ኮልፌ ገባ።

ሚስቱ ብርቅዬ በር ላይ ተቀበለችው። አብረው ካለቀሱ በኋላ ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው።

«ገመቹ ሥራውን ጨርሶታል። በሱ እንኳ አትጨነቅ» አለችው።

መሸሻ እግሩን ሳያደርቅ ግቢው ጥግ ወዳለው ሥራ ቤት ሄደ። አሥራ ሁለት ሳፋዎች ጆንያ ላይ ተደፍተው ተደርድረዋል። አንዱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ክቡ እኩል ነው፤ ጠርዙ ወደ ውጭ ታጥፎ ተጠቅልሏል፤ የመዶሻ ዱካ ፈልጎ አጣ። እሱ ራሱ ቢሠራው ከዚህ አይሻልም። ይህን ለገመቹ ሊነግረው አሰበ። ድካሙ ግን አላስቀመጠውም፤ ገብቶ ተኛ።

ሳፋዎቹ የታዘዙት ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ለተሠራው አዲስ ክሊኒክ ነው። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ሲያደርጉ እጃቸውንና ዕቃቸውን የሚያጥቡባቸው ናቸው። ከውጭ አገር የመጣውን የማይዝግ ላሜራ የሰጠው ክሊኒኩ ራሱ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው አቶ ወልደሰንበት ላሜራውን በሰኔ ሲያስረክብ ከተሰበረ ራዲዮ የወጣ ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ ላዩ ላይ አስቀመጠ፤ ላሜራውን ሲያዘነብለው ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ።

«አዩ? ማግኔት ከያዘው ተራ ብረት ነው። ካልያዘው የማይዝገው ነው። ይኼን ይወቁልኝ» ብሎት ነበር።

መሸሻ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ባልዲ፣ ምጣድ መክደኛ፣ አሸንዳና በርሜል ሲሠራና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። የማይዝግ ላሜራ ግን ከዚያ በፊት በእጁ ገብቶ አያውቅም። ክቦቹን ቆርጦ ጨርሶ የመጀመሪያውን ሊቀጠቅጥ ሲል የወንድሙ መርዶ መጣ። የቀረውን ለገመቹ ትቶለት ሄደ።

ገመቹ አሥራ አንድ ዓመት አብሮት ሠርቷል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ወሬው ጥቂት። ከአራት ዓመት ወዲህ ጴንጤ ሆኗል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ከሥራ ይወጣና እሱና ሚስቱ ዘመነች ቤታቸው ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ሰብስበው ይዘምራሉ። መሸሻ የመድኃኔ ዓለም ሰው ነው። ስለዚህ ነገር ሁለቱ አንሥተው ተነጋግረው አያውቁም። ረቡዕ ሲደርስ ገመቹ መዶሻውን ያስቀምጣል፤ መሸሻ ቀና ብሎ «ደኅና ዋል» ይለዋል፤ በቃ።

ሰኞ ጠዋት ሳፋዎቹን በጋሪ ጫኑ። ገመቹ ገመዱን እያሰረ፣ «ይኼ ላሜራ እልኸኛ ነው ጋሼ» አለ። «በመታሁት ቁጥር እየጠነከረ ነው የሄደው። ሁለት የመዶሻ እጀታ ሰብሮብኛል።»

መሸሻ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። «እንዲህ ነው ሁሉም» ብሎ ጋሪው ላይ ወጣ። ብቻውን ሄደ።

አቶ ወልደሰንበት የመጀመሪያውን ሳፋ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ፊቱ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ከዚያ ማግኔቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ወደ ሳፋው ጎን ሲያስጠጋው ማግኔቱ ቀጭ ብሎ ተለጠፈ።

ወልደሰንበት አላቆ እንደገና አስጠጋው። ያዘ። ሌላ ሳፋ አነሣ። ያዘ። ሦስተኛውም ያዘ።

«ይኼ ምንድን ነው አቶ መሸሻ?»

«እኔ እንጃ።»

«ላሜራውን ስሰጥዎት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አሳይቼዎታለሁ።»

«አሳይተውኛል።»

«ታዲያ?»

መሸሻ ማግኔቱን ተቀብሎ ራሱ ሞከረው። የሳፋው መሐል ላይ አይዝም። ወደ ጎኑ ሲወጣ ይጎተታል። የታጠፈው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ለማላቀቅ ያስቸግራል። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

«ገብቶኛል» አለ ወልደሰንበት። ድምፁ ቀዝቅዞ ነበር። «መሐሉን ከኛ ላሜራ አድርጋችሁ ዙሪያውን በሌላ ብረት በየዳችሁት።»

«ብየዳው የታለ?»

«ሞርዳችሁ አጥፍታችሁታል።»

«አቶ ወልደሰንበት፣ እንዲህ ያለ ብየዳ የምችል ብሆን ኮልፌ ቁጭ ብዬ ባልዲ አልጠግንም ነበር። ጨው ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉትና ይዝግ እንደሆነ ይዩት።»

«ለጊዜው ምን ቀብታችሁት እንደሆን በምን አውቃለሁ? ከዓመት በኋላ ሲዝግ የት ላገኛችሁ ነው?»

ወልደሰንበት ክፉ ሰው አልነበረም። ዕቃው የገባው በሱ ፊርማ ነው። ባለፈው ዓመት አንሶላ ጠፍቶ ሁለት ወር ሙሉ ሲጠየቅበት ከርሟል። ለፖሊስ ጣቢያ ደብዳቤ ጻፈ። መሸሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ ያየው ነበር። መሄድ ይችል ነበር፤ የት እንደሚሄድ ግን አላወቀም።

ጣቢያ አሳደሩት። ወለሉ ርጥብ ነው፤ ሰባት ሰው ሆነው በሁለት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱ ከሰዓት በፊት መቶ አለቃ ገረሱ የሚባለው መርማሪ ቢሮው አስጠራው። ዕድሜው ከመሸሻ በሃያ ዓመት ያንሳል። ብዙ ያልተኛ ሰው ዓይን አለው።

«አንተ ከፋ በነበርክበት ጊዜ ሥራ ቤቱን ማን ያዘው?»

«ሠራተኛዬ።»

«ስሙ?»

መቶ አለቃው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቀው።

«ገመቹ።»

«ታምነዋለህ?»

«አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል ጌታዬ።»

«የጠየቅኩህ ዓመቱን አይደለም።»

መሸሻ ወገቡን ያመዋል። ከቦንጋ ከተነሣ ጀምሮ ደኅና እንቅልፍ አልተኛም። የወንድሙን መቃብር አፈር ይመልሱ የነበሩት ሰዎች ድምፅ አሁንም ጆሮው ውስጥ አለ። ይህ ሁሉ አልቆ ቤቱ ገብቶ ቢጋደም ሌላ ምንም አይፈልግም ነበር።

«ክቦቹን ቆርጬ በቦታቸው ትቼ ነው የሄድኩት» አለ። «ስመለስ ሳፋ ሆነው አገኘኋቸው። በመሐል የሆነውን አላየሁም።»

«ስለዚህ ሠራተኛህ ለውጦት ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል።»

መቶ አለቃው ጻፈው። መሸሻ ፈረመ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የብርቅዬ ወንድም ዋስ ሆኖት ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት ገመቹ እንደ ወትሮው መጣ። መሸሻ አልጋው ላይ ነበር። ነቅቷል። ከግድግዳው ወዲያ የገመቹ ድምፅ ብርቅዬን «ጋሼ ደኅና ገቡ? ምን ሆነው ነው?» ሲላት ሰማ። ብርቅዬም «ተኝቷል፤ አልቀሰቅሰውም» ስትለው ሰማ። ተነሥቶ መውጣት ነበረበት። ፖሊስ ይመጣብሃል፣ ስምህን ሰጥቻለሁ ማለት ነበረበት። ብርድ ልብሱን ወደ ፊቱ ሳበ። ገመቹ ሥራ ቤቱን ጠርጎ፣ አንድ ባልዲ ጠግኖ፣ ረቡዕ ስለሆነ ቀደም ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ማለዳ ዘመነች መጣች። ነጠላዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነክቶታል።

«ገመቹን ወሰዱት ጋሼ መሸሻ። ትናንት ስንዘምር ገቡብን። የተሰረቀ ላሜራ እንፈልጋለን ብለው ቤቱን ገለበጡት። ምንም ሲያጡ መጽሐፍ ቅዱሱንና ከበሮውን አንሥተው፣ ያለፈቃድ ትሰበሰባላችሁ ብለው እሱን ይዘው ሄዱ። የላሜራው ነገር ሰበብ ነው። ጎረቤት ጠቁሞብን ነው።»

ብርቅዬ አቅፋ አስቀመጠቻት። መሸሻ ቆሞ ነበር። አፉን ከፈተ፤ «አይዞሽ፣ ጣቢያ እሄዳለሁ» አለ። ሌላውን አልተናገረም።

እሷ ከሄደች በኋላ ወደ ሥራ ቤቱ ገባ። የሚፈልገውን ለራሱም በደንብ አልነገረውም። ገመቹ በእርግጥ ላሜራውን ለውጦት ቢሆን ኖሮ ልቡ ይቀልለት ነበር። ያንን ነበር የሚፈልገው፤ አንድ ማስረጃ፣ አንድ የሌላ ብረት ቁራጭ።

የብስክሌት ዲናሞ ፈትቶ ማግኔቱን አወጣ። ክቦቹ ሲቆረጡ የተረፈው ቁርጥራጭ በሙሉ በርሜል ውስጥ ነው። አንድ በአንድ እያወጣ ሞከረ። ማግኔቱ ሁሉም ላይ እየተንሸራተተ ወደቀ። ልክ በመቀስ የተቆረጠበት ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ በስሱ የሚጎተት መሰለው። ስድስት ሰባቱን እንዲሁ ደጋገመ። ጫፉ ይጎትታል፤ መሐሉ አይጎትትም። መቀስ የነከሰው ቦታ ነው።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን መንጠቆ አየ። ገመቹ ጉጠት የሚሰቅልበት አጥቶ ከዚያው ቁርጥራጭ አንዱን ቀጭን አጥፎ መንጠቆ አድርጎታል። መሸሻ አውርዶ ማግኔቱን ቀጥ ያለው ላይ አስቀመጠ፤ ወደቀ። የታጠፈው ላይ አስቀመጠ፤ ተለጠፈ።

ብዙ አልቸኮለም። ያልተነካ ቁራጭ መረጠ። ላዩን በሙሉ በማግኔት ዳሰሰው፤ የትም አልያዘም። ሞርሳ ውስጥ አጥብቆ ወዲህና ወዲያ ሦስት ጊዜ አጠፈው። ከዚያ መስፉ ላይ አጋድሞ መቀጥቀጥ ጀመረ። ገመቹ እንዳለው ነው፤ በተመታ ቁጥር እየጠነከረ መዶሻውን ያነጥራል። ትከሻው እስኪዝል መታው። ማግኔቱን ሲያስጠጋ ብረቱ ዘሎ የተቀበለው መሰለ።

ማንም ምንም አልለወጠም። ላሜራው ያው ነው። የለወጠው መዶሻው ነው። ጎኑና ጠርዙ ብዙ ስለተመታ ይዛል፤ መሐሉ ብዙም ስላልተነካ አይዝም።

መሸሻ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ስሙ ነጻ ወጥቷል። «ሊሆን ይችላል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ግን ጣቢያ ተቀምጧል።

ዓርብ ጠዋት በእግሩ ክሊኒክ ሄደ። ወልደሰንበት ሲያየው ተነሣ፤ ሊያስገባው ግን አልፈለገም።

«ግምጃ ቤት የቀረ ላሜራ አለዎት?» አለው መሸሻ።

«አለ። ምን ሊያደርጉት ነው?»

«እኔ አልነካውም። እርስዎ ራስዎ ጣት የምታህል ይቁረጡ። ማግኔቱም የእርስዎ ይሁን፤ መዶሻውንም እርስዎ ይያዙ።»

ወልደሰንበት ዘበኛውን ጠርቶ የላሜራውን ማዕዘን አስቆረጠ። በማግኔት ዳሰሰው፤ አልያዘም። ድንጋይ ላይ አጋድሞ፣ ኮቱን አውልቆ፣ እየሳተ መታው። ልምድ ስለሌለው አሥር ጊዜ መትቶ ላብ አጠመቀው። በሃያኛው ላይ ወልደሰንበት አቁሞ ማግኔቱን አስጠጋ። ያዘ።

ለረዥም ጊዜ እያላቀቀ እየለጠፈ አየው።

«ለምን?» አለ በመጨረሻ።

«አላውቅም። ሲመታ ውስጡ የሚለወጥ ነገር አለ። አሁን ደግሞ ይምጡና ትናንት በእሳት የሞከርኩትን ይዩ።»

አብረው ኮልፌ መጡ። መሸሻ ከሰሉን በወናፍ አነደደ። ያንኑ የወልደሰንበትን ቁራጭ ደማቅ ብርቱካን መልክ እስኪይዝ አግሎ ውሃ ውስጥ ነከረው። ወልደሰንበት ከውሃው አውጥቶ በመሐረቡ አደረቀና ማግኔቱን አስቀመጠበት። ማግኔቱ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ ቀና ሲል ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«አንድ ሌሊት አሳሰርኩዎት አቶ መሸሻ።»

«የኔን ይተዉት። ጣቢያ ይምጡልኝ። ሌላ ሰው አለ።»

ወልደሰንበት መጣ። አቤቱታውን ማንሣቱን ጽፎ ፈረመ፤ መንገድ ላይም ለመቶ አለቃው የሚለውን ሲያጠና ነበር። ገረሱ የተመታውንና በእሳት የጋለውን ቁራጭ እያየ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። የተናገሩት የገባው ይመስላል።

«እሺ። የሳፋው ነገር ተዘግቷል። ሂዱ።»

«ገመቹስ ጌታዬ?»

«የሱ ሌላ ነው።»

«እኔ ባልናገር እኮ ቤቱ አትሄዱም ነበር።»

«ሄደናል እንግዲህ። ያየነውን አላየንም ልንል አንችልም። በነዚህ ሰዎች ነገር ትእዛዝ ከላይ ነው የሚመጣው። እኔ ብፈልግ እንኳ አልፈታውም።» መቶ አለቃው ዓይኖቹን በሁለት ጣቱ አሸ። «ቀድመህ ይኼን ብረትህን ብትመታው ጥሩ ነበር።»

ክሊኒኩ ሳፋዎቹን ተረከበ። ወልደሰንበት ነገሩ አላስተኛው ብሎ ላሜራውን ለላከው ኩባንያ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልሱ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ኮልፌ ድረስ ይዞት መጥቶ እየተረጎመ አነበበለት። ይህ ብረት በቀዝቃዛው ሲታጠፍ ወይም ሲቀጠቀጥ ከውስጥ አደራደሩ ከፊሉ ወደ ሌላ ዓይነት ይለወጣል፤ ያ የተለወጠው ክፍል በማግኔት ይሳባል፤ ጠንካራም ይሆናል፤ በኃይል ቢግል ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ጉድለት አይደለም ይላል። መሸሻ አመስግኖ ሸኘው።

ገመቹ ከጣቢያው ወደ ወህኒ ተዛወረ። ዘመነች በየቀኑ ምግብ ትወስድለታለች። መሸሻ ሥራውን ከቀትር በፊት አቁሞ አብሯት መሄድ ጀመረ። ምሳ ዕቃውን ይይዝላታል፤ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ በጭቃው ውስጥ ይወርዳሉ፤ ወህኒው በር ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አንዳንድ ቀን ያስገባሉ፤ አንዳንድ ቀን ምግቡን ብቻ ይቀበላሉ። ዘመነች ትመርቀዋለች። «የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንኳ ፈርተው ቀሩ። እርስዎ ግን አልተዉንም» ትለዋለች። በመረቀችው ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ለብርቅዬ ሁሉን ነግሯታል። «ንገራት» ትለዋለች በየቀኑ። በየቀኑ «ነገ» ይላታል።

አሥራ ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ። በአሥራ ዘጠነኛው ከፌርማታው አጠገብ ዝናብ ያዛቸውና አንድ ሱቅ ጣሪያ ሥር ቆሙ። ዘመነች ስለጎረቤቷ ታወራ ነበር። ሴትዮዋን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም እንደማትላት፣ ጠቋሚዋ እሷ መሆኗን እንደምታውቅ ትናገራለች።

«እሷ አይደለችም» አለ መሸሻ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«የገመቹን ስም ለፖሊስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማን ነበር ሥራ ቤት ሲሉኝ እሱ ነው አልኩ። ለውጦት ይሆን ሲሉኝ ሊሆን ይችላል አልኩ። ጽፈው አስፈረሙኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዘመነች ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«እንደሚሰርቅ ያስቡ ነበር?»

«አላስብም ነበር።»

«ታዲያ?»

«ደክሞኝ ነበር» አለ መሸሻ። ያም ሰበብ መሆኑን ያውቀዋል።

ዘመነች እጇን ዘረጋች። «ምሳ ዕቃውን ይስጡኝ።»

ሰጣት። ዝናቡ ሳያባራ ወጥታ ሄደች። አውቶቡሱ መጥቶ ስትሳፈር አያት፤ ወደ ኋላ አልዞረችም።

በማግስቱ መሸሻ የራሱን ምግብ በብርቅዬ አሠርቶ ብቻውን ሄደ። ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ዘመነች ከፊት ነበረች፤ አይታዋለች፤ ምንም አላለችውም። ከዚያም ወዲያ ሁለቱ ሳይነጋገሩ በየፊናቸው እየተመላለሱ ነሐሴ አለፈ፤ ዓመቱ ተለወጠ።

ገመቹን የፈቱት ከመስቀል በኋላ ነው። ክስም ፍርድም አልነበረም፤ ሂድ አሉት፤ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ቤቱ መጣ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጎ ፊቱን ለውጦታል። መሸሻ የያዘውን አሸንዳ አስቀምጦ ተነሣ። ተቃቅፈው ተሳሳሙ።

«ዘመነች ነገረችኝ» አለ ገመቹ።

«አዎ።»

«እርስዎ ራስዎ እንደነገሯትም ነግራኛለች።»

«ይቅር በለኝ ገመቹ። ጉልበትህን እስማለሁ።» ጎንበስ ሲል ገመቹ ትከሻውን ይዞ መለሰው።

«አይሆንም ጋሼ። ይቅር ብያለሁ። እዚያው ሳለሁ ነው ይቅር ያልኩት።» በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ያን ረቡዕ ጠዋት መጥቼ ነበር። ተኝተዋል አሉኝ።»

መሸሻ ለመዋሸት ትንሽ ጊዜ ነበረው።

«አልተኛሁም ነበር። ድምፅህን ሰምቻለሁ።»

ገመቹ ራሱን ነቀነቀ። የተቆጣ አይመስልም። እንዲያ መሆኑን ቀድሞ ያወቀ ይመስላል።

«ሰኞ ትመጣለህ?» አለ መሸሻ።

«አልመጣም ጋሼ። ይቅርታዬ የእውነት ነው። ግን እዚህ ተቀምጬ አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር ዓይንዎን ዓይንዎን ሳይ ልኖር ነው። እርስዎም እንደዚያው። ለሁለታችንም አድካሚ ነው።»

የራሱን ሁለት መዶሻዎችና መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። መሸሻ እስከ በሩ ሸኘው።

በጥቅምት መጀመሪያ ብርቅዬ ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች። ገመቹ አየር ጤና ያለ ጋራዥ ሥራ ጠይቆ ባለቤቱ አቶ ደሜ አልቀበልም ብሎታል። ላሜራ ሰርቆ የታሰረ ነው ሲባል ሰምቷል። ሌላም ቦታ ሄዶ እንዲሁ መልሰውታል።

መሸሻ በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አየር ጤና ሄደ። አቶ ደሜ የጭነት መኪና ጎማ ሥር ተንበርክኮ ነበር፤ አራት ሠራተኞች ዙሪያውን ቆመዋል። መሸሻ ገለል በልልኝ ብሎ ለብቻው ሊያናግረው አስቦ ነበር። ከዚያ ወሬው የሄደው በሰው ሁሉ ፊት ነው ብሎ ተወው።

«መሸሻ እባላለሁ፤ ኮልፌ ላሜራ ሠሪ ነኝ። ገመቹ እኔ ጋ ነው የሠራው። ሰረቀ ተብሎ የተወራው ውሸት ነው፤ የውሸቱም መነሻ እኔ ነኝ። ለፖሊስ ጠረጠርኩት ያልኩት እኔ ነኝ። የተሰረቀ ነገር አልነበረም።»

ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ደሜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሣ።

«ንጹሕ ከሆነ ለምን እርስዎ ጋ አይሠራም?»

«ና አልኩት። እምቢ አለኝ። እውነቱን ነው።»

«እጁስ?»

«እጁ ከኔ ይሻላል።»

ደሜ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ሐሙስ ይምጣ ይበሉት» አለ።

«እርስዎ ሰው ይላኩበት። እኔ መምጣቴንም ባይነግሩት ደስ ይለኛል።»

ወደ መንገዱ ወጣ። ጋሪ አልያዘም፤ በእግሩ አዘገመ። መንገዱ ደርቋል፤ የመኪና አቧራ መነሣት ጀምሯል። ግማሽ መንገድ ላይ ወገቡ ስለያዘው ቆሞ ጥቂት አረፈ፤ ከዚያ ቀጠለ። ብርቅዬ ምሳ አቅርባ ጠበቀችው።

«ምን አሉህ?» አለችው።

«ሐሙስ ይጀምራል።»

እጁን ታጥቦ ቀረበ። ሲበሉ ብዙም አላወሩም። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት የሚያፈስ በርሜል አምጥታ ነበርና ተነሥቶ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ።